ሰማንያው ቢቀደድም ጋብቻው አይፈርስም

(ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የሠፈር እድር አዳራሽ ለአባላቱ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

የእድሩ ሊቀመንበር ስለ ፍቺና ስለ ቤተሰብ ሕግ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ አንድ አዛውንት አባላችን «ሟርት አይሁንብን እንጂ ይናገር» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ሰው በሰላም በሚኖርበት ቤት ስለ መለያየት ማውራት ደስ አይልም። ይሁን እንጂ በወረዳ ፍርድ ቤት ዳኝነት፣ ኋላም በጥብቅና ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከተመለከትኳቸው የትዳር ጉዳዮች ብዙዎቹ ላይ ሰውን እጅግ የጎዳው ፍቺው ራሱ ሳይሆን ተጀምሮ በሕግ ሳይጠናቀቅ የቀረ ፍቺ ነበር። ዛሬ የምናገረውም በዚሁ ላይ ነው።

በእኛ አካባቢ፣ ከመንዝ ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ከምንጃር ሜዳ እስከ መርሐቤቴ ሸለቆ፣ ባልና ሚስት ተለያዩ ለማለት «ሰማንያቸውን ቀደዱ» ይባላል። ሰማንያ በሽማግሌዎችና በዋሶች ፊት የሚታሰር ጋብቻ፣ እንዲሁም የዚያ ጋብቻ ውል የሚሰፍርበት ወረቀት ስም ነው። በወረቀቱ ላይ የተጋቢዎቹና የወላጆቻቸው፣ የዋሶቹና የምስክሮቹ ስም፣ ብዙውን ጊዜም ሙሽራውና ሙሽራዪቱ ይዘውት የመጡት ከብት፣ እህልና ገንዘብ ይጻፋል። ትዳሩ የተበላሸ ዕለት ያው ሽማግሌ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ከብቱ ይከፈላል፤ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ሁሉም ነገሩ አለቀ ብሎ ወደየቤቱ ይሄዳል። በሕግ ዓይን ግን በዚያ ቀን የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች እንደ ትናንቱ ባልና ሚስት ሆነው ሳለ ለጋብቻቸውና ለንብረታቸው ዋነኛ የሆነውን ማስረጃ በገዛ እጃቸው አጥፍተዋል።

ወደ ጋብቻ የሚያስገቡ በሮች ሦስት ናቸው። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመውን፣ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውን፣ በባህል ሥርዓት የተፈጸመውን ጋብቻ ሁሉ በእኩል ያውቃል፤ ስለዚህ በቁርባን የተጋባችው፣ በኒካህ የተጋባችውና በሰማንያ የተጋባችው ሴት በሕግ ፊት አንዷ ከሌላዋ የምታንስ ሚስት አይደለችም። ሁለቱም ተጋቢዎች በሕይወት እያሉ በፍቺ የሚያስወጣው በር ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ፍርድ ቤት ነው። የቁርባን ጋብቻ ያላችሁ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደምታነሡ አውቃለሁ፤ መልሱም ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው ጋብቻው በሕግ ያለውን ውጤት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በራስዋ ቀኖና ስለ ቁርባኑ የምትለውን ግን ዳኛ አይነካውም፤ እርሱን የምትጠይቁት የነፍስ አባታችሁን ነው። የሙስሊም ወገኖቻችንን በተመለከተም ሕገ መንግሥቱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። አንደኛው ወገን በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘትን ካልፈቀደ ጉዳዩ የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

ሽማግሌ ያፋታል የሚለው እምነት ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጥያቄ የመወሰን ሥልጣን የሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር፤ በእድሜ የገፋችሁት አባቶች በዚያ ወንበር ተቀምጣችሁ የምታውቁ ትኖራላችሁ። ያ ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር፤ የፍቺንም ምክንያት ከባድና ቀላል ብሎ ይለያይ፣ ጥፋተኛ የተባለውንም ወገን በንብረቱ ይቀጣ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንዶችና ሴቶች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ካለ በኋላ የድሮው አሠራር ባለበት ሊቀጥል አልቻለም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ፤ እርሱም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። እኛ የምንዳኝበት ደግሞ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ሁለቱ በመሠረተ ሐሳብ አንድ መንገድ ይሄዳሉ። ዛሬ ቀንና ቁጥር እየጠራሁ የማስረዳው ከፌዴራሉ አዋጅ ነው፤ ስለዚህ የራሳችሁን ጉዳይ ይዛችሁ ስትነሡ የክልሉን አዋጅ አንቀጽ አስፈልጋችሁ ማየት ይኖርባችኋል።

አዲሱ ሕግ ፍቺን በሁለት መንገድ ይፈቅዳል። አንደኛው ባልና ሚስቱ ተስማምተው፣ የንብረቱንና የልጆቹን ጉዳይ የሚወስን ስምምነት ጽፈው ለፍርድ ቤት ሲያቀርቡና ፍርድ ቤቱ ሲያጸድቀው ነው። ሁለተኛው አንዳቸው ብቻቸውን ወይም ሁለቱ በአንድነት የፍቺ አቤቱታ ሲያቀርቡ ነው። በየትኛውም መንገድ ምክንያትን የመዘርዘር ግዴታ የለም። ይህን ስናገር ከአዳራሹ ማጉረምረም ሰምቻለሁ፤ «ያለ ምክንያት ትዳር ይፈርሳል እንዴ?» የምትሉ ትመስላላችሁ። ያለ ምክንያት የሚፈርስ ትዳር እኔም አላየሁም። ሕጉ ያስቀረው ሚስት በአደባባይ ባልዋን፣ ባልም ሚስቱን ለማዋረድ እንዲገደዱ የሚያደርገውን ሙግት ነው፤ ምስክር እየተጠራ የመኝታ ቤት ነገር በችሎት ሲዘከዘክ ኖሮ ልጆች ለዕድሜ ልካቸው አንገታቸውን ደፍተው የቀሩበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህን ድንጋጌ አይጠላውም። ከፍቺው በኋላ ካሣ እንዲከፈል ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ለፍቺው ምክንያት የሆነውን ወገን ካሣ ሊያስከፍለው ይችላል።

አቤቱታ ቀረበ ማለት ወዲያው ፍቺ ተወሰነ ማለት አይደለም። ዳኛው መጀመሪያ ተጋቢዎቹን አነጋግሮ እንዲታረቁ ይሞክራል፤ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲስማሙም ያደርጋል፤ ያ ካልተሳካ ነገሩን በሰከነ ልብ እንዲያስቡበት በፌዴራሉ ሕግ ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። እንግዲህ የሽማግሌ ቦታ እዚህ ነው። ሕጉ ሽማግሌን አልሻረውም፤ ከመፍረድ ወደ ማስታረቅ መልሶታል። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ ከጥንቱ ከሽምግልና ጠባይ ጋር ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል። ድብደባ ያለበትን ቤት ግን ለይታችሁ እዩልኝ። ሚስትን መደብደብ ወንጀል ነው፤ «ታርቃችሁ ተቀመጡ» ብሎ ሴቲቱን ወደዚያው ቤት የሚመልስ ሽማግሌ በሚቀጥለው ቀን ለሚደርስባት ነገር ኅሊናው ይጠይቀዋል፤ ጉዳዩ በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ በኩል መሄዱንም ዕርቅ አያስቀረውም።

በሕጉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምወደው፣ ተገልጋዮች ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጉት አንድ ድንጋጌ አለ። የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎቹ አኗኗርና መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ ወዲያውኑ ይሰጣል። ጉዳዩ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ትእዛዙ እስከ ውሳኔው ድረስ ቤቱን ይጠብቃል። የእህል ጎተራ የሚታሸግበትን፣ በጎች ሌሊት ወደ ዘመድ ቤት የሚነዱበትን፣ የሱቅ ዕቃ በቅዳሜ ገበያ በግማሽ ዋጋ የሚበተንበትን ነገር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዲት እናት ፍቺዋ ተወስኖ ንብረት ለመካፈል ስትመጣ የሚካፈል ንብረት አልነበረም፤ ሃያ የሚደርሱት በጎች መዝገቡ ቀጠሮ ሲጠብቅ በአንድ ወር ውስጥ ተሸጠው አልቀዋል። ጊዜያዊ ትእዛዝ አልጠየቀችም፤ ያን ጊዜ አቤቱታዋን የጻፈላትም ሰው አልጠየቀላትም። በአቤቱታችሁ መጨረሻ ላይ ንብረቱ እንዳይሸጥና እንዳይሸሽ ዕግድ ይሰጥልኝ፣ ለልጆቼም ጊዜያዊ ቀለብ ይቆረጥልኝ የሚሉ ሁለት መስመሮች መኖራቸውን ሳታረጋግጡ መዝገብ እንዳትከፍቱ።

አሁን ወደ ንብረቱ ልግባ፤ አብዛኛው ጸብ ያለውም እዚያው ነው። ሕጉ የባልና ሚስትን ንብረት በሁለት ይከፍለዋል። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዳቸው ብቻ የመጣ ንብረት የግል ነው። በጋብቻ ዘመን ከሁለቱም ድካም የተገኘ ገቢ፣ ከግል ንብረትም ሆነ ከጋራ ንብረት የሚገኝ ፍሬ ግን የጋራ ነው። በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ግምት አለ፤ በአንዳቸው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ ንብረቱ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የማስረዳቱም ሸክም የግሌ ነው በሚለው ወገን ላይ ነው።

በሰማንያ የተጻፈች አንዲት ላም እንውሰድ። ሙሽራዪቱ ከአባትዋ ቤት ነድታት መጣች እንበል። ላሚቱ የሚስት የግል ንብረት ናት። በአሥር ዓመት ውስጥ የወለደቻቸው ጊደሮችና ወይፈኖች ግን የግል ንብረት ፍሬ ስለሆኑ የባልና የሚስት ናቸው። ሚስት ላሚቱን ሸጣ የእርሻ በሬ ብትገዛ፣ በሬው እንደ ላሚቱ የግልዋ ሆኖ የሚቆጠረው ፍርድ ቤት የግል ነው እንዲልላት ጠይቃ ሲፈቀድላት ነው፤ አለዚያ በጋራው ይገባል። ላሚቱ ተሸጣ ገንዘቡ ለቤት ወጪ ገብቶ ከሆነ ደግሞ፣ ይህን ያስረዳች ሚስት ክፍፍሉ ከመደረጉ በፊት ዋጋዋን ከጋራው ላይ ቀድማ የመውሰድ መብት አላት። ባልም በሬ ይዞ መጥቶ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ይህን ሁሉ በምን ታስረዳለች? በዚያች በሰማንያዋ ወረቀት ነው እንጂ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የላሚቱን ቀለም የሚያስታውስ ምስክር ተፈልጎ አይደለም። ወረቀቱን መቅደድ ማስረጃን መቅደድ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

የግሉ ተለይቶ ከወጣና የጋራ ዕዳ ከተከፈለ በኋላ የቀረው እኩል ለሁለት ይከፈላል። እርሻውን ያረሰው እርሱ ነው፣ እርስዋ ቤት ውስጥ ነበረች የሚለው ክርክር ክፍፍሉን አያዛባም፤ ሕጉ ሚስት ያሳደገችውን ልጅና የጋገረችውን እንጀራ ከማረሻው አሳንሶ አይመዝንም። በዓይነት የሚከፈል በዓይነት ይከፈላል፤ ልዩነቱም በገንዘብ ይካካሳል። ለምሳሌ አንዱ ቤቱን ሌላው ሱቁን ቢወስድ የዋጋው ልዩነት ይታሰባል። ሊከፈል የማይችል ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ባጃጅ ወይም አንድ ወፍጮ ቤት፣ አንዱ ለሌላው ግምቱን ከፍሎ ካላስቀረው ይሸጣል፤ በሽያጩ አካሄድ ካልተስማሙም ሐራጅ ይወጣል። ሐራጅ ሁለቱንም ይጎዳል፤ ሲስማሙ ሁለት መቶ ሺህ ያወጣ የነበረ ነገር በሐራጅ ያንን ያህል ይወጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በደጋው በኩል የባሕር ዛፍ ጉዳይም በየመዝገቡ ይነሣል። ዛፉ በጋብቻ ዘመን የተተከለ ከሆነ መሬቱ የአንዳቸው ቢሆንም ልፋቱ የጋራ ነው፤ ገና ለመቁረጥ ያልደረሰውን ዛፍ ለመካፈል ግን ጥሩ ገማች ያስፈልጋል።

በዕዳ ላይም አንድ ቃል ልጨምር። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም ነው፤ ብድሩን የፈረመው አንዱ ብቻ ቢሆንም። የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ከ500 ብር በላይ መበደርን፣ ለሌላ ሰው ዋስ መሆንን፣ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትን መሸጥን ወይም ማስያዝን ያለ ሁለቱ ስምምነት አይፈቅድም። የ1992 ዓ.ም. አምስት መቶ ብር ብዙ ነገር ይገዛ ነበር፤ ዛሬ አንዲት ደህና ዶሮ በዚያ ዋጋ አትገኝም፤ ቁጥሩ ግን በአዋጁ ላይ እንደተጻፈ ነው።

መሬት የተለየ ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም፤ ባልና ሚስት የሚካፈሉት የባለቤትነት መብትን ሳይሆን የይዞታና የመጠቀም መብትን ነው። በክልላችን የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ይመራል፤ ለገበሬው የተሰጠው አረንጓዴ የይዞታ ደብተርም የጋራ ይዞታ ሲሆን የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተደረገው የመሬት ድልድል በራሳቸው ስም መሬት ያገኙ ሴቶች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሲያገቡ ይዞታቸውን ይዘው ገብተዋል። በፍቺ ጊዜ ደብተሩ የሚለው ነገር ትልቅ ቦታ አለው። ደብተሩ የሁለቱ ከሆነ ይዞታው የሁለቱ ነው፤ አንዳቸው ከጋብቻ በፊት በስማቸው ያገኙት ይዞታ ሲሆን ሌላው ወገን የሚጠይቀው በጋብቻው ዘመን ከዚያ መሬት ላይ የተገኘውን ምርትና በላዩ የተደረገውን ሥራ ነው። የጋራ ማሳው በጣም ትንሽ ሆኖ ቢከፈል ለማንም የማይበቃ ሲሆን ሕጉ መሬት ከዝቅተኛ መጠን በታች እንዳይቆራረጥ ይከለክላልና፣ አንዱ ለሌላው ካሣ ከፍሎ መያዝ ወይም በጋራ እየተጠቀሙ ምርቱን መካፈል ይቻላል። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ደብተሩን በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስተካከል ግዴታችሁ እንደሆነ ያዙ፤ መዝገቡ ሳይስተካከል የቀረ ማሳ በሚቀጥለው ትውልድ ላይ ክስ ሆኖ ይመጣል።

በከተማችን በደብረ ብርሃን ደግሞ ሌላ ዓይነት አኗኗር እያደገ ነው። በፋብሪካዎቹና በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ወጣቶች አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው፣ ሽማግሌ ሳይላክና ሰማንያ ሳይጻፍ እንደ ባልና ሚስት ይኖራሉ። ሕጉ ይህን አኗኗር በዝምታ አላለፈውም። የፌዴራሉ አዋጅ እንዲህ የኖሩ ሰዎች ግንኙነታቸው ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራቸው እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ «አላገባኋትም፣ ምንም አትጠይቀኝም» ብሎ የቤት ዕቃውን በጋሪ ጭኖ የሚሄድ ወጣት ሁልጊዜ እውነት ከእርሱ ጋር አይደለም። ሙሽራዪቱ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ ያ ጋብቻ ከመጀመሪያውም ሕገ ወጥ ነው፤ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን በእስራት ይቀጣል።

ልጆችን በተመለከተ ሕጉ እናትን ወይም አባትን አስቀድሞ አልመረጠም። ዳኛው የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ አኗኗር፣ ከዚያም በላይ የልጁን ዕድሜና ጥቅም ነው። ስለዚህ «ሕፃን የእናት ነው» የሚለው አባባል ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜም የውሳኔው ውጤት እንደዚያ ይሆናል፤ ሆኖም ሕግ ሆኖ አልተጻፈም። ልጁን ያልወሰደው ወላጅ የመጠየቅና የማየት መብት አለው፤ ቀለብ የመክፈል ግዴታም አለበት፤ ሁለቱ አንዱ የሌላው ዋጋ አይደሉም። ቀለብ ያልከፈለ አባት ልጁን እንዳያይ መከልከል አይቻልም፤ ልጁን እንዲያይ ያልተፈቀደለትም አባት በንዴት ቀለብ ማቋረጥ አይችልም። የቀለቡ መጠን በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ይወሰናል፤ ኑሮ ሲወደድ ወይም ገቢ ሲቀየር እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ቀለብ ሲዘገይም አትተኙ፤ ሳይከፈልና ሳይጠየቅ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ቀለብ ለኑሮው አስፈላጊ መሆኑ ካልታየ በቀር እንደማይጠየቅ በሕጉ ተመልክቷል። ዓመታት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ የሰባት ዓመት ቀለብ በአንድ ጊዜ ለመጠየቅ የሚመጡ እናቶች አሉ፤ አብዛኛውን ገንዘብ ያሳጣቸው ዝምታቸው ነው።

ሴት ከፍቺ በኋላ መቶ ሰማንያ ቀን ሳይሞላ ሌላ ባል እንዳታገባ ሕጉ የሚከለክለውም ለልጁ ሲባል ነው፤ ጋብቻው በፈረሰ በሦስት መቶ ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ የቀድሞው ባል ልጅ ነው ተብሎ ይገመታልና አባትነቱ እንዳይምታታ ነው። ከወለደች፣ እርጉዝ አለመሆንዋ በሐኪም ከታወቀ፣ ወይም የቀድሞ ባልዋን መልሳ ካገባች ክልከላው የለም።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። አንድ ሰው በመንዝ በኩል በሰማንያ አግብቶ ልጅ ወለደ። ከስምንት ዓመት በኋላ ተጣሉ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ከብትና እህል ተካፈሉ፤ ፍርድ ቤት ግን ማንም አልሄደም። ሰውየው ወደዚህ ከተማ ወርዶ ሥራ ያዘ፤ ሌላ ሴት አግብቶ ቤት ሠራ፤ ጡረታ ወጣና ሞተ። በአርባው ማግስት የመጀመሪያዋ ሚስት በዋስዋ ቤት የነበረውን የሰማንያ ቅጂ ይዛ መጣች። እርስዋ አልተፋታሁም አለች፤ ሁለተኛዋ ይህን ቤት ጡብ በጡብ የሠራሁት እኔ ነኝ አለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በሟች የጡረታ አበል፣ በቤቱ፣ በልጆቹ ውርስ ላይ የተነሣው ክርክር ለዓመታት ሄደ፤ የተከፈለውም የጠበቃ ገንዘብ ከአንድ ጥሩ በሬ ዋጋ የሚያንስ አልነበረም። ለረዥም ዘመን ተለያይተው፣ ሌላ ትዳርም መሥርተው የኖሩ ሰዎች ጉዳይ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ቀርቦ ጋብቻው እንደፈረሰ የተቆጠረበት ውሳኔ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ በክርክር የሚገኝ መፍትሔ ነው፤ መለያየቱ መቼ ተጀመረ፣ በመካከሉ ተመላልሰው ነበር ወይ፣ የትኛው ንብረት ከየትኛው ዓመት በኋላ ተገኘ የሚለው ሁሉ በምስክር ይነጠራል። ሰውየው በተለያዩበት ዓመት ስምምነታቸውን ለወረዳ ፍርድ ቤት አቅርበው አጸድቀውት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ፍርድ ቤት ለመሄድ ገንዘብ የለኝም የምትሉ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አቅም የሌለው ሰው በደኃ ደንብ ያለ ዳኝነት ክፍያ ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ ለዚህ ከቀበሌያችሁ የምታገኙትን ማስረጃ አያይዙ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም እንዲህ ያለ አገልግሎት አላቸው። ውሳኔ ስታገኙ ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ከአንድ በላይ አውጡና አንዱን ከቤታችሁ ውጭ አኑሩ። ውሳኔው በፈቃድ ካልተፈጸመ የአፈጻጸም ክስ ይቀርባል፤ ለዚህም አሥር ዓመት ጊዜ አለ። ፍቺውንም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በሠላሳ ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አስመዝግቡ።

ንግግሬን እንደጨረስኩ በፊት መስመር የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «እኛ ታዲያ በሽምግልና ምን እንሥራ? ሰው እየመጣ ለዩን ይለናል» አሉኝ። የምትሠሩት ብዙ ነው አልኳቸው። አስታርቁ፤ ካልሆነ ስምምነቱን ጻፉ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደተለያዩ፣ የግል የተባለው የትኛው እንደሆነ፣ ማን ምን እንደወሰደ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩና ማን ስንት እንደሚከፍል በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፤ ሁለቱን አስፈርሙና ወረቀቱን አስይዛችሁ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ስደዷቸው። ዳኛው አንዳቸውንም ሆነ ልጆቹን የማይጎዳ ስምምነት ካገኘ ያጸድቀዋል። ሰማንያውን ግን አትቅደዱት፤ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ።

አባታችን ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እርሳቸው ራሳቸው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የለዩዋቸው ባልና ሚስት እንዳሉ፣ ሁለቱም ከዚያ ወዲህ ሌላ ትዳር እንደያዙ፣ የስምምነቱ ወረቀት በሣጥናቸው እንዳለ ነገሩኝ። ሁለቱም በሕይወት አሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አሉ፣ አንዱ ጫጫ፣ አንዷ እዚሁ ከተማ አሉኝ። ወረቀቱንም ሁለቱንም ይዘዋቸው ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ እንዲመጡ ተቀጣጥረን ተለያየን።